የውጭ ጉዳይ ባለሙያው ሥራና የ1955ቱ የአዲስ አበባ ጉባኤ

የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አመሠራረት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው መሪዎቹን፣ ንግግራቸውንና ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመውን ቻርተር ነው። ተማሪው ቀኑን በቃሉ ይይዛል፤ ተከፋፍለው የነበሩ መንግሥታት እንዴት በአንድ አዳራሽ ሊሰበሰቡ እንደቻሉ ግን አይጠይቅም። የመልሱ ትልቅ ክፍል የአንዱን ወገን ሐሳብ ለሌላው ሲያስረዱ በነበሩት የውጭ ጉዳይ ባለሙያዎች ሥራ ውስጥ ይገኛል።

በ1953 ዓ.ም. ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች በጎራ ተለያይተው ነበር። ጋና፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሞሮኮ፣ ግብፅና የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት በካዛብላንካ ተሰበሰቡ፤ ላይቤሪያ፣ ናይጄሪያ፣ ሴኔጋልና ሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ በሞንሮቪያ። የኮንጎ ቀውስ፣ የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነትና የሞሪታንያ ጉዳይ ልዩነቱን አባባሱት። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ባስቸኳይ የኅብረት መንግሥት ይቋቋም ሲሉ፣ የሞንሮቪያ ወገን ግን የየአገሩ ሉዓላዊነት ተጠብቆ ትብብሩ ደረጃ በደረጃ ይደግ ይል ነበር።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመሩ የነበሩት አቶ ከተማ ይፍሩ ነበሩ። የእርሳቸው አቋም ኢትዮጵያ ከአንዱ ጎራ ከመወገን ይልቅ ሁለቱን ማገናኘት ይሻላታል የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1954 ዓ.ም. በሌጎስ ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ እንጂ የአንድ ቡድን አባል አለመሆንዋን ገለጹ። ከዚያ በኋላ ከካዛብላንካ ወገን ከነበሩት ከጊኒው ፕሬዚዳንት ከሴኩ ቱሬ ጋር የተደረገው ምክክር መንገዱን ጠረገ። ግንቦት 7 ቀን 1955 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ መምከር ጀመሩ። በቻርተሩ ጉዳይ ሙሉ ስምምነት ላይ ባይደርሱም፣ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ረቂቅ የመሪዎቹ መወያያ ሆነ። በመጨረሻም 32 አገሮች ፈረሙ።

ይሁን እንጂ አስረጂው ከራሱ አገር ጥቅም ነጻ አልነበረም። በዚያው ጉባኤ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን የወሰንን ጥያቄ ሲያነሡ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ መልስ ሰጡ። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. የካይሮው ጉባኤ አባል አገሮች በነጻነት ጊዜ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ሲወስን፣ ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። ውሳኔው ለብዙ አገሮች ዋስትና ነበር፤ ለኢትዮጵያም እጅግ ተስማሚ ነበር። ይሁንና በ1969 ዓ.ም. የተነሣውን የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት አላስቀረም።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ስንሰጥ ተማሪዎቻችን ሦስት ነገር እንዲመረምሩ ማድረግ ይገባናል። ይኸውም፦ የእያንዳንዱ ወገን ፍላጎት ምን ነበር? ጉዳዩን የሚያስረዳው ሰው የማን ተቀጣሪ ነው? ከማብራሪያውስ ውጭ የቀረው የማን ድምፅ ነው? ድርጅቱ በ1994 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኅብረት ቦታውን ለቋል። እነዚህ ጥያቄዎች ግን ዛሬም ስለ ቀጠናችን ፖለቲካ ማብራሪያ በምንሰማበት ጊዜ ሁሉ የሚያገለግሉ ናቸው። ባለሙያውን በጥሞና ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ የቆመበትን ስፍራ አውቆ ማዳመጥ ደግሞ የታሪክ መምህር ለተማሪው ሊያስጨብጠው የሚገባ ችሎታ ነው።