ዓሣን ለራስ ማዕድ ማጥመድ፦ በምን፣ የትኛውን፣ ምን ያህል?

ባኬ ጃማ በሚል ስምም የምትታወቀው ነቀምቴ ከባሕር የራቀች ብትሆንም ከዓሣ ግን የራቀች አይደለችም። ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ የዴዴሳን ወንዝ ያቋርጣል፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ደግሞ አንገር ይፈስሳል። በሆሮ ጉዱሩ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጠናቀቀው ግድብ የተፈጠረው የፊንጫ ሐይቅም አለ። በእነዚህ ውኃዎች ዳር በዓሣ ከሚተዳደሩት አስጋሪዎች ሌላ፣ ለቤቱ ማዕድ ወይም ለመዝናናት መንጠቆ የሚጥል ሰው ይገኛል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእርሱ የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ

ዘርፉ በፌዴራል ደረጃ የሚመራው በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ ዓሣን ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ በፈንጂና በመርዝ ማጥመድንም ይከለክላል። ስለዚህ ለቤቱ ብቻ ሲያጠምድ የቆየ ሰው ትርፉን ገበያ ማውጣት ካሰበ፣ አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይኖርበታል።

በብዙ አገሮች የመዝናኛ አጥማጅ በቀን የሚወስደው የዓሣ ቁጥርና ርዝመት ተለክቶ ይወሰንለታል፤ ተቆጣጣሪም ይመደባል። ተቆጣጣሪ በማይደርስበት የወንዝ ዳር ግን ገደቡን የሚያስከብረው አጥማጁ ራሱ ነው።

ገደብ ለምን አስፈለገ?

የጣና ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሐይቁ የሚኖሩ በርካታ የባርበስ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በሐይቁ ሥራ ላይ ዋለ። አስጋሪዎች ዓሣው ተሰብስቦ በሚያልፍባቸው የወንዝ መግቢያዎች ላይ መረብ ዘረጉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተካሄዱ ጥናቶች የእነዚህ ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ አመልክተዋል። ጉዳቱ የበረታው ዓሣው ብዙ ስለተያዘ ብቻ ሳይሆን ሳይወልድ ስለተያዘም ነው። የወለጋ ወንዞችም ባርበስ አላቸው፤ ወንዝ ደግሞ ከሐይቅ ይልቅ ጠባብ በመሆኑ ዓሣው የሚሸሸግበት ስፍራ አነስተኛ ነው።

አንደኛ፦ በምን?

ብርብራ በቡና ማሳዎቻችን ውስጥ በጥላነት የሚያገለግል አገር በቀል ዛፍ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን ያደነዝዛል። ምክንያቱም በውስጡ የሚገኘው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣውን ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ለማዕድ የሚሆነው አንድ ዓሣ ሲገኝ በርካታ ጫጩቶችና ዓሣው የሚመገባቸው የውኃ ነፍሳት አብረው ያልቃሉ።

የሰብል ፀረ ተባይ ኬሚካል ወደ ወንዝ መጨመር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ከታች በኩል ከብት የሚያጠጣው፣ ውኃ የሚቀዳውና ዓሣውን የሚበላው ሰው ሁሉ ለመርዝ ይጋለጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ የተያዘ ዓሣ ቢታጠብም ቢቀቀልም አስተማማኝ አይሆንም። በወንዝ ላይ ብዙ ዓሣ ባልታወቀ ምክንያት ሞቶ ሲንሳፈፍ ከታየ አለመልቀምና ለቀበሌው ወይም ለግብርና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ለራሱ ፍጆታ ለሚያጠምድ ሰው መንጠቆ በቂ ነው፤ ያልተፈለገውን ዓሣ በሕይወቱ ለመመለስም ያስችላል። የናይሎን መረብ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ ውኃ ውስጥ ተቆርጦ ከቀረ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙንና መግደሉን ይቀጥላል።

ሁለተኛ፦ የትኛውን?

ለቆሮሶ ቀላሉ መለኪያ አንድ ስንዝር፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ ስላልወለደ መመለስ አለበት። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ በመሆኗ፣ በአፏ ጫጩት የያዘች ስትገኝ ወዲያውኑ መልቀቅ ይገባል። ዓሣ ሲለቀቅ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ በጉንጩ ሥር ያለውን መተንፈሻ አለመንካትና ከውኃ ሳያርቁ መንጠቆውን መንቀል ይጠቅማል።

አምባዛ ዝናብ ሲጀምር ዕንቁላል ለመጣል ጎርፍ ወደተኛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ በዱላ እንኳ በቀላሉ ይገደላል። ባርበስም በክረምት ወደ ወንዝ ራስ ይጓዛል። በእነዚህ ወራት ዕንቁላል ያዘሉትን መተው ለመጪው ዓመት ዘር እንደማስቀመጥ ነው። ገበሬ ለዘር የለየውን እህል ለወፍጮ አይሰጥም።

ሦስተኛ፦ ምን ያህል?

መጠኑን የቤተሰቡ አንድ ቀን ማዕድ ይወስነው። ዓሣ በሙቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መበላሸት ስለሚጀምር ማከማቻ በሌለበት ብዙ መያዝ ብክነት ነው። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከ350 ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለሆነም ራሱንና አጥንቱን ለሾርባ የሚያውል ቤተሰብ ጥቂት ዓሣ ይበቃዋል።

ከወንዝ እስከ ማዕድ

ዓሣው እንደተያዘ ሐሞቱ ሳይፈስ ሆድ ዕቃውን ማውጣት፣ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በጥላ ወይም በበረዶ ማቆየት ያስፈልጋል። በአገራችን ዓሦች ሆድ ውስጥና በልባቸው አካባቢ ጥገኛ ክብ ትሎች እንደሚገኙ በጥናት ተረጋግጧል። በመሆኑም የሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣትና ዓሣውን በጥሬ አለመብላት ይመከራል። ሥጋው መሐሉ ድረስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ መብሰሉ ይታወቃል። የባርበስን ዕንቁላል ግን መርዛማ ሊሆን ስለሚችል በስሎም ቢሆን መብላት አይገባም።

ከገበያ የሚገዛ የከተማ ነዋሪም ዓይኑ የጠራ፣ የጉንጩ ውስጥ የቀላና በጣት ሲጫኑት ቶሎ የሚመለስ ዓሣ ይምረጥ። በተለይ ፍላጎት በሚጨምርበት የዓቢይ ጾም ወቅት ከስንዝር ያነሰውን አለመግዛት የእርሱ ድርሻ ነው፤ ገዢ ያጣ ጫጩት ወደ ገበያ አይመጣም።