ከኡሑድ እስከ ፎገራ፦ የሚፈስ ደም ማቆም



በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ማጭድ የስንቱን እጅ ይቆርጣል! ያኔ ቶሎ የሚፈለገው አመድ ወይም የቡና ዱቄት ነው። «ፋጢማስ (ረ.ዐ) በአመድ አክመው የለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም።

እውነት ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኡሑድ ዘመቻ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሰለ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ዐሊይ (ረ.ዐ) በጋሻ ውሃ ሲያፈሱ፣ ፋጢማ ደሙን ያጥቡ ነበር። ውሃው ደሙን እንዳባሰው ባዩ ጊዜ ግን የሰሌን ቁራጭ አቃጥለው ቁስሉ ላይ አደረጉ፤ ደሙም ቆመ።

እዚህ ላይ ማስተዋላቸውን ልብ እንበል። ደም የሚቆመው ረግቶ ነው፤ የሚፈስ ውሃ ደግሞ የረጋውን ጠርጎ ይወስደዋል። ያ አመድ ያኔውኑ ከእሳት የወጣ ነበር። የእኛ የምድጃ አመድ ግን አፈርና እበት የነካው ነው። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያመጣው ተሕዋስ የሚገኘው ደግሞ በአፈርና በእበት ውስጥ ነው፤ ጃፓናዊው ሐኪም ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1889 ለይቶ አሳይቶታል።

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ሩፈይዳ (ረ.ዐ) በመስጊዱ ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክሙ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያ እርዳታን ሲያስተምር የኖረው ቀይ መስቀል የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱም ከባድ አይደለም፦ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በእጅ ጠበቅ አድርጎ መጫን። ቆመ አልቆመ እያሉ መግለጥ የለም፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ መደረብ ነው። አልቆም ካለ እየተጫኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ። ቢቆምም እንኳ ቁስሉ ይታጠብ፤ የቴታነስ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነም ባለሙያ ይጠየቅ።