አስሐማ፡- የስሙ አመጣጥና ትርጉም

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን የሚያልፈው መንገድ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ሽሬና አክሱም ይዘልቃል። የዚያችን የአክሱምን ንጉሥ በማዕረጋቸው ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ በስማቸው ልጁን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው።

ብዙዎቻችን ስማቸው «ነጃሺ» ይመስለናል። ነጃሺ ግን ዐረቦች ለሐበሻ ነገሥታት ሁሉ የሚሰጡት ማዕረግ ሲሆን፣ ከግዕዙ «ነጋሢ» ጋር አንድ ነው። የግል ስማቸው አስሐማ ነው። የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ የስሙን ትርጉም በዐረብኛ «ዐጢያ» ይለዋል፤ ስጦታ ማለት ነው። ስለዚህ በትርጉሙ ከእኛው «ስጦታው» እና «ሀብቴ» ጋር ይቀራረባል። ስሙ ሲጠራ ከሴቷ «አስማእ» ጋር ሊምታታ ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ሐምዛና ጦልሓ የወንድ ስም ነው።

በ615 እ.ኤ.አ. የመካ ሙስሊሞች ተሰደው ሲመጡ ንጉሡ ተቀበሏቸው። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኛ ቢልኩም፣ የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ቃል ሰምተው ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ ስጦታውንም መለሱ። ስሙ ስጦታ የሆነ ንጉሥ በስጦታ አልተገዛም።

ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዜናውን በዚያው ዕለት ለሶሓቦቻቸው ነግረው፣ በአራት ተክቢራ የሩቅ ጀናዛ ሰገዱላቸው። በቡኻሪ ዘገባ ላይ አስሐማ የሚለው ስም ተጠቅሶ እናገኘዋለን። ንጉሡ ነብዩን በአካል ስላላገኙ ዑለማዎች ከሶሓቦች አይቆጥሯቸውም።

ለዐቂቃ ስም የምታስቡ ወላጆች፣ ነጃሺ ማዕረጉ፣ አስሐማ ደግሞ ሰውየው መሆናቸውን ለልጃችሁ ንገሩት። ስሙን ስትሰጡት የተገፋን ማስጠጋትንም አደራ ትሰጡታላችሁ።