ያበጠችው ባትሪ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የምተርክላችሁ ከመዳፌ ስለማትበልጥ ነገር ነው።

ባለፈው የስልኬ ጀርባ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቶ አገኘሁት። ሰፈራችን ወዳለው ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ እንዳይጫኗት! ከተበሳች ትነድዳለች» አለኝ።

ትንፋሹን ውጦ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አላቀቃት። ሆዷ የተወጠረ፣ ብርማ ልባስ ያላት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የምትሸት ባትሪ።

«አሁን የት ትጥላታለህ?» አልኩት። መልሱን እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ትውልዷን ልንገራችሁ።

ቺሊ ውስጥ አታካማ የሚባል በረሃ አለ፤ ዝናብ ብርቁ ነው። ከጨው ቅርፊቱ ሥር ግን ሊቲየም ያዘለ ውሃ ተኝቷል። ያን ውሃ በፓምፕ ይስቡና ሜዳ በሚያካክሉ ኩሬዎች ላይ ያሰጡታል፤ አዎ፣ እንደ በርበሬ! ከኩሬ ኩሬ እየተገለበጠ ዓመት አልፎት ይከርማል። ሰማያዊ የነበረው ወደ ቢጫ ይዞራል። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ሊቲየሙ ይቀራል። በዚያ ጨዋማ ምድር ፍላሚንጎዎች ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የሁለት ዝርያዎችን መመናመን ከዚሁ ሥራ ጋር አያይዞታል።

ይህን ሳውቅ የእኛው አብጃታ ሐይቅ ፊቴ ድቅን አለ። እዚያም ለሶዳ አሽ ሲባል ውሃው ወደ ኩሬ ተሳበ፤ ገባር ወንዙም ለመስኖ ተጠለፈ። ሐይቁ ሸሸ፤ ወፎች ይርመሰመሱበት የነበረው ዳርቻ ነጭ አቧራ ሆነ። የአታካማን ሐዘን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ኮባልት ያለባት ባትሪ ከሆነች ደግሞ ትውልዷ እስከ ኮንጎ፣ ኮልዌዚ ይደርሳል፤ ሰው በዶማና በመዶሻ ጉድጓድ የሚወርድበት አገር።

ነገሩ የስልክ ብቻ አይደለም፤ አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። መብራታችን ከውሃ ነውና ጭሱ በመቀነሱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን የአንዷ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በመቶዎች ኪሎ ይመዝናል። ሲደክም ማን ይረከበዋል? ሕጉን ያወጣ፣ መኪናውን ያስገባ ሁሉ ዛሬውኑ ይመልስልን!

ጠጋኙማ እንዲህ አለኝ፦ «ቆራሌው ብረቱን ይወስዳል፤ ይቺን አይነካም። ከቆሻሻ ጋር ብጥላት ደግሞ ገንዳው ውስጥ ትነድብኛለች።»

ከጠረጴዛው ሥር አሸዋ ያለበት የቀለም ቆርቆሮ ሳበ። በጣቱ ቆፈር ቆፈር ሲያደርግ ሌላ ያበጠች ባትሪ ብቅ አለች፤ ከጎኗም ሌላ። የእኔን ለመቅበር እነሱን ወደ ጥግ ገፋ አደረጋቸው። ክዳኑ አልገጥም አለ።