ጉቦኛውን ገማች መልሱልን

በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ራስል ዎልደን የሚባል የግብር ገማች ሹም ነበረ፤ ይህ ሰው ከነጋዴዎች እጅ መንሻ እየተቀበለ የሕንጻዎቻቸውን ግምት ዝቅ ሲያደርግላቸው መኖሩ በ1965 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንቈጥራለን) ተገልጦ ክስ ተመሠረተበት፤ በኋላም ወኅኒ ወረደ። እንደራሴዎቹም እንዲህ ያለው ነውር እንዳይደገም በማሰብ በ1966 ባወጡት ሕግ፣ መኖሪያም ይሁን ሱቅ ወይም ፋብሪካ፣ ማናቸውም ንብረት ያለ አድልዎ በገበያ ዋጋው አንድ አራተኛ ልክ እንዲገመት ደነገጉ። ሕጉ በቃሉም በመንፈሱም ርቱዕ ነበር። ነገር ግን ገማቹ ሹመቱን የሚያገኘው በሕዝብ ድምፅ ስለ ነበረ፣ ድምፅ የሚሰጠውን ባለቤት ላለማስቀየም ሲል የመኖሪያ ቤቱን ግምት በልማድ ከንግድ ቤት እጅግ አሳንሶ ይጽፍለት ነበርና፣ ጉቦው ሲቀር ይህ ያልተጻፈ ምሕረትም አብሮ ቀረ። ግብሩ በአንድ ጊዜ ያሻቀበበት የከተማው ሰውም በየመኪናው ኋላ «ጉቦኛውን ገማች መልሱልን» የሚል ወረቀት ለጠፈ ይባላል።

ስለ አሜሪካ ወግ አጥባቂዎችና ስለ ግብር ትምህርታቸው የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሊቃውንት መጻሕፍት ይነሣሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ከተለጣፊ ወረቀት መነሣት የሚሻል ይመስለኛል፤ ሊቃውንቱማ ቀድመው ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1973 አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን፣ የነጻ ገበያ መምህር የነበረውን ሚልተን ፍሪድማንን ከጎኑ አሰልፎ፣ የመንግሥት ወጪ ከሕዝቡ ገቢ ከተወሰነ እጅ እንዳያልፍ በሕገ መንግሥት ይገደብ ሲል ለሕዝብ ውሳኔ አቀረበ፤ ጽሑፉ ረጅም፣ ስሌቱም ረቂቅ ነበረና ከመቶ 54 ያህሉ ድምፅ ሰጪ እምቢ አለው።

ሕዝቡን ያስነሣው ስሌት ሳይሆን የገዛ ቤቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የጣሪያና ግድግዳ ግብር እንደሚለው ያለው ይህ የቤትና የቦታ ግብር፣ የየአካባቢውን ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ጓዱንና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያቆም ዋነኛ ምሰሶ ነበር፤ ጠባዩ ግን ከገቢ ግብር ይለያል፤ የገቢ ግብር ሰው ካገኘው ላይ ሲቈረስ፣ የቤት ግብር ገና ካልተሸጠ ቤት ላይ፣ ማለት በወረቀት ላይ ብቻ ካለ ሀብት ላይ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚጠየቅ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የዋጋ ንረቱ የቤቶችን ዋጋ ወደ ላይ ሲያወጣ፣ አዲሱ ሕግ እጁን ያሰረው ገማችም ጭማሪውን በሐቅ እየመዘገበ ሲከተል፣ በጡረታ የምትተዳደር አሮጊት በመዝገብ ባለጸጋ፣ በመሶቧ ግን ያው የትናንትናዋ ሆና ተገኘች። ይህ ሁሉ ሲሆን በርእሰ ከተማው በሳክራሜንቶ የክፍለ ግዛቱ ግምጃ ቤት ከወጪው የተረፈ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል አከማችቶ ነበር፤ አገረ ገዢው ጄሪ ብራውንና ምክር ቤቱም ገንዘቡ እንዴት ይመለስ በሚለው ላይ ሲከራከሩ ዓመቱ አለፈ።

ሃዋርድ ጃርቪስ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። በ1903 በዩታ የተወለደ፣ ጋዜጣ ያሳተመ፣ በፋብሪካ ሥራ ንዋይ ያፈራ፣ በሹመት ምርጫ ተወዳድሮ ያልቀናው፣ ድምፁ ሻካራ፣ ቃሉ ያልተገራ ዐረጋዊ ነበር፤ የሎስ አንጀለስ የኪራይ ቤት ባለንብረቶች ማኅበር ደመወዝተኛ መሆኑንም ተቃዋሚዎቹ ደጋግመው ያነሡበት ነበር። ከሳክራሜንቶው ከፖል ጋን ጋር ተባብሮ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ሕዝብ በፊርማ ሕግ የሚያቀርብበትን ይህን መንገድ የከፈተው በ1911 ተራማጁ አገረ ገዢ ሃይረም ጆንሰን ነው፤ የከፈተውም የባቡር ኩባንያው በምክር ቤቱ ላይ የነበረውን ጌትነት ለመስበር እንጂ ባለርስትን ለመጠበቅ አልነበረም፤ በር ግን አንዴ ከተከፈተ የሚገባበትን ሰው አይመርጥም።

13ኛው የውሳኔ ሐሳብ የተባለው ጽሑፍ እንደ ሬገን ጽሑፍ አልረቀቀም። የቤት ግብር ከተመዘገበው ዋጋ ከመቶ አንድ አይበልጥም፤ ዋጋው ወደ 1975 ግምት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ አይጨመርበትም፤ ቤቱ ሲሸጥ ግን በተሸጠበት ዋጋ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ምክር ቤቱም የክፍለ ግዛቱን ግብር ለመጨመር ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልገዋል። ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሎስ አንጀለስ አውራጃ ገማች አሌክሳንደር ፖፕ አዲሱን ግምት አስቀድሞ ይፋ አደረገ፤ ግምቱ እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነበት ሰው ብዙ ነበርና፣ ጃርቪስ ከዚህ የበለጠ ሰባኪ አላስፈለገውም። ጁን 6 ቀን 1978 ከመቶ 65 ያህሉ ሕዝብ ይሁን አለ። ሐሳቡን አጥብቆ ሲቃወም የከረመው ብራውንም በማግስቱ ዋና አስፈጻሚው ሆኖ ብቅ አለ፤ በመጣበት ፍጥነት የተገረመ ብዙ ነው።

ከቤት የሚሰበሰበው ግብር በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቹና አውራጃዎቹ እንዳይዘጉ ሳክራሜንቶ ያን ያከማቸችውን ገንዘብ አውጥታ አደለች፤ ግን ሰጪ ባለበት ሁሉ አዛዥ አለ። ጃርቪስን የደገፉት ወግ አጥባቂዎች መንግሥት ትንሽና ቅርብ ይሁን፣ ሰው ግብር የሚከፍልለትን ነገር በዓይኑ ይይ የሚሉ ነበሩ፤ የሆነው ግን አካባቢው የራሱን ትምህርት ቤት በራሱ ግብር የማቆም ሥልጣኑን አጥቶ በጀቱን ከርእሰ ከተማው ደጅ የሚጠና ሆነ። እርግጥ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ከ1971 ጀምሮ የባለጸጋውና የድኻው ሰፈር ትምህርት ቤቶች በገንዘብ እንዲቀራረቡ ወስኖ ስለ ነበረ ነገሩ አስቀድሞም ወደዚያው ሲያዘነብል ነበር፤ ያም ሆኖ ገመዱን የበጠሰው 13ኛው ሐሳብ ነው። ከተሞቹም ከቤት ያጡትን ከሌላ ለማግኘት ሲሉ፣ የሽያጭ ግብር የሚያስገባላቸውን ትልልቅ መደብር ከመኖሪያ ቤት አስበልጠው መሻት ጀመሩ። የኪራይ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ ጃርቪስ ግብሩ ሲቀል ኪራዩም ይቀላል ብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ አከራዮች ግን የተረፈውን በኪሳቸው አኖሩና፣ የተቈጡት የሳንታ ሞኒካ ተከራዮች በ1979 ኪራይን በሕግ አስገደቡ፤ ነጻ ገበያን ያስከብራል የተባለው ሐሳብ የወለደው ሌላ ቀንበር ሆነ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የጎረቤታሞች ነገር ነው። በግድግዳ ከሚዋሰኑ ሁለት እኩያ ቤቶች አንዱ ገና በ1975፣ ሌላው ከ1988 በኋላ ከተገዛ፣ የኋለኛው አምስት እጥፍ ያህል ግብር ሊከፍል ይችላል። ይህን የተቃወመች አንዲት የሎስ አንጀለስ ቤት ገዢ ያቀረበችው አቤቱታ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 በስምንት ድምፅ ለአንድ ተሸነፈ፤ አዲስ ገዢ ግብሩን አስቀድሞ አውቆ ይገዛል፣ ነባሩ ግን የሚሸሽበት የለውም የሚል ነበር የብዙኃኑ ምክንያት፤ ምክንያቱ ክብደት አለው። ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ግን ነባሮቹን ባለቤቶች በጥንት እንግሊዝ የመሬት መሳፍንት ስም ጠራቸው፤ ባለጉልት ብንለው ከሐሳቡ የራቅን አይመስለኝም። በ2003ም ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በኦማሃ ካለው የግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቤት ይልቅ በካሊፎርኒያ ያለው የ4 ሚሊዮኑ ቤት እጅግ ያነሰ ግብር እንደሚከፍል ቢናገር፣ ለአገረ ገዢነት ይወዳደር የነበረውና ባፌትን አማካሪው ያደረገው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር፣ 13ኛውን ዳግመኛ ካነሣ 500 ጊዜ ለሆድ የሚሠራውን ስፖርት እንደሚያሠራው በቀልድ ነገረው።

እሳቱ ወዲያው ወደ ሌሎች ክፍላተ ግዛት ተዛመተ፤ ማሳቹሴትስ በ1980፣ ኮሎራዶም በ1992 የየራሳቸውን ልጓም አበጁ፤ ሬገንም በዚያው በ1980 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ጃርቪስ ራሱ ግን በዚያው ዓመት የገቢ ግብርን በግማሽ ለመቀነስ ያቀረበው ሁለተኛ ሐሳብ ወደቀበት፤ በ1986 ዐረፈ።

ጄሪ ብራውን በ2011 ወደ አገረ ገዢነቱ መንበር ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ግብር ለመጨመር ከምክር ቤቱ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ስላላገኘ፣ የቤቱን ግብር ሳይነካ፣ በባለጸጎች ገቢና በሽያጭ ላይ የሚጨመር ግብር ጽፎ፣ ፊርማ አሰባስቦ፣ ጃርቪስ በሄደበት መንገድ በኖቬምበር 2012 ወደ ሕዝብ ቀረበ። ከመቶ 55 ያህሉ ይሁን አለው። ብራውን በዚያ ቀን 74 ዓመቱ ነበር፤ ጃርቪስም በ1978 ድል ሲያደርገው 74 ዓመቱ ነበር።