ጁንቲንዝ

ጁንቲንዝ በዩናይትድ ስቴትስ በየዓመቱ ጁን 19 ቀን የሚከበር፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካ አሜሪካውያን ነፃ የወጡበትን ጊዜ የሚዘክር በዓል ነው። የተጀመረው በቴክሳስ ግዛት ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ ሕዝባዊ በዓል ሆኗል። ስሙ «ጁን» ከሚለው የወር ስምና አሥራ ዘጠነኛ ማለት ከሆነው «ናይንቲንዝ» ተዳቅሎ የተሠራ ነው። የነፃነት ቀን ወይም የኢዮቤልዩ ቀን ተብሎም ይጠራል። ከሰልፍና ከፓርክ ድግስ ጎን ለጎን ዛሬ በዓሉ በስፋት ከሚከበርባቸው ቦታዎች አንዱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ጁን 19 በአሁኑ ዘመን ሰኔ 12 ቀን፣ ማለትም በሰኔ ሚካኤል ዕለት ይውላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ስለነበር የመጀመሪያው ዕለት ሰኔ 13 ቀን 1857 ዓ.ም. ነበር። የዘመን መቀየሪያ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እዚህ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ታሪክ

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ያወጁት የነፃነት አዋጅ በሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነበር። አዋጁ የሚመለከተው ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ብቻ ሲሆን ተፈጻሚ የሚሆነውም የሰሜኑ ጦር በደረሰበት ቦታ ነው። ቴክሳስ ከጦርነቱ ዋና ግንባሮች የራቀች ስለነበረች ጦሩ እምብዛም አልደረሰባትም። እንዲያውም ከሉዊዚያናና ከሌሎች አጎራባች ግዛቶች የሸሹ ባለ ርስቶች በባርነት የያዟቸውን ሰዎች እየነዱ ወደዚያ ገቡ። በጦርነቱ ማብቂያ በቴክሳስ በባርነት የነበሩ ሰዎች ቁጥር 250,000 ያህል እንደነበር ይገመታል።

በጁን 19 ቀን 1865 ሜጀር ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ጋልቬስተን በተባለችው የወደብ ከተማ «ጠቅላላ ትእዛዝ ቁጥር 3»ን አወጡ። ትእዛዙ ባሮች ሁሉ ነፃ መሆናቸውን፣ በቀድሞ ጌቶችና በነርሱ መካከል የግልና የንብረት መብት እኩልነት እንዳለ፣ ከእንግዲህ ግንኙነታቸው የአሠሪና የቅጥር ሠራተኛ መሆኑን ይገልጻል። ቀጥሎ ግን ነፃ የወጡት ሰዎች ባሉበት ቤት በጸጥታ ተቀምጠው በደመወዝ እንዲሠሩ ይመክራል፤ በጦር ሰፈሮች መሰብሰብ እንደማይፈቀድላቸውና ሥራ ፈትተው ቢቀመጡ እንደማይረዱም ያስጠነቅቃል። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢያነበው ይመከራል፤ ነፃነቱ ምን ያህል በገደብ እንደተሰጠ የሚታየው በሁለተኛው ክፍል ነው።

ስለ ዕለቱ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ግሬንጀር ትእዛዙን ከአንድ ሰገነት ላይ ሆነው ለተሰበሰበ ሕዝብ አነበቡ የሚለው ነው። ይህን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ አልተገኘም፤ ትእዛዙ በጋዜጣ መታተሙ ግን የታወቀ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ባርነት በመላ አሜሪካ በዚያ ቀን አበቃ የሚለው ነው። ኬንታኪና ደላዌር ከሰሜኑ ጎን የቆሙ ግዛቶች ስለነበሩ አዋጁ አይመለከታቸውም ነበር፤ በነርሱ ዘንድ ባርነት ሕጋዊ ሆኖ የቆየው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 እስኪጸድቅ ድረስ ነው።

የመጀመሪያው ክብረ በዓል በ1866 በቴክሳስ ተደረገ። ጥቁሮች በሕዝብ መናፈሻዎች እንደልብ መሰብሰብ ስላልቻሉ በሂዩስተን በቄስ ጃክ ያትስ መሪነት ገንዘብ አዋጥተው በ1872 አራት ሄክታር ያህል መሬት ገዙ። ቦታው ዛሬም «ኢማንሲፔሽን ፓርክ» ይባላል። ቴክሳስ በዓሉን የግዛቱ ሕጋዊ በዓል ያደረገችው የምክር ቤት አባል አል ኤድዋርድስ ባቀረቡት ሕግ ከ1980 ጀምሮ ነው።

ቤተ መጻሕፍትና የዘር መለያየት

ጁንቲንዝ በቤተ መጻሕፍት መከበሩ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በርካታ የደቡብ ግዛቶች በባርነት የተያዙ ሰዎችን ማንበብ ማስተማር በሕግ ይከለክሉ ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላም የደቡብ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው ለነጮች ብቻ ክፍት ነበሩ። በጋልቬስተን የሮዘንበርግ ቤተ መጻሕፍት በ1904 ሲከፈት ጥቁር አንባቢዎች አልተፈቀደላቸውም፤ በ1905 ለነርሱ በሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተለየ ቅርንጫፍ ተከፈተላቸው። የነፃነቱ ትእዛዝ በወጣባት ከተማ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን መለያየት ለመቃወም የተደረገ አንድ ቀደምት ትግል የተካሄደው ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌግዛንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ተራ በተራ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ሲከለከሉ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ጀመሩ፤ ፖሊስም አሰራቸው። ድርጊቱን ያቀነባበረው ጠበቃው ሳሙኤል ዊልበርት ታከር ነበር። የከተማው አስተዳደር መልስ ግን በሩን መክፈት አልነበረም፤ በ1940 ለጥቁሮች የተለየ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ታከር በዚያኛው ካርድ አልቀበልም አለ። ያ ሕንፃ አሁን የአሌግዛንድሪያ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው።

የቤተ መጻሕፍት መርሐ ግብሮች

መርሐ ግብሮቹ እንደየከተማው ቢለያዩም ዋናዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ ለልጆች ተረትና ታሪክ ማንበብ፣ የመጽሐፍ ውይይት፣ ፊልም፣ የታሪክ ምሁር ንግግር፣ የአሮጌ ፎቶግራፎች ዐውደ ርእይ። ለልጆች ከሚነበቡት መካከል የፍሎይድ ኩፐር «ጁንቲንዝ ፎር ሜዚ» ይገኛል። ለአዋቂዎች ውይይት ደግሞ በቴክሳስ ያደገችው የታሪክ ምሁር አኔት ጎርደን ሪድ በ2021 ያሳተመችው «ኦን ጁንቲንዝ» አጭርና ለውይይት የተመቸ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በባርነት ከኖሩ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡ ከ2,300 በላይ ቃለ ምልልሶች በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኙ እነሱንም ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይቻላል። ሰዎቹ በቴክሳስ ዜናውን የሰሙበትን ቀን የተረኩበት ክፍል አለው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቤተ መጻሕፍት ብቻ በደንብ ሊሠራው የሚችለው የቤተሰብ የዘር ሐረግ ፍለጋ አውደ ጥናት ነው። በ1850ና በ1860 በተደረጉት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች የተመዘገቡት በባለቤታቸው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም እንጂ ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም። አብዛኞቹ በስም የተቆጠሩበት የመጀመሪያው የፌዴራል ቆጠራ የ1870ው ነው። ስለዚህ ተመራማሪው በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የ1890 ቆጠራ በእሳትና በውሃ ስለ ጠፋ እዚያ ላይ የ20 ዓመት ክፍተት ያጋጥመዋል፤ 1870 ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ይዘጋበታል።

ያንን ግድግዳ ለማለፍ ከሚጠቅሙት አንዱ በ1865 የተቋቋመው የፍሪድመንስ ቢሮ መዝገብ ነው። በውስጡ የሥራ ውል፣ የጋብቻ ምዝገባ፣ የራሽንና የትምህርት ቤት ሰነዶች ይገኛሉ። እነዚህን በእጅ የተጻፉ ገጾች በስም እንዲፈለጉ ለማድረግ የተጀመረው ሥራ ይፋ የሆነው ልክ በ150ኛው ጁንቲንዝ፣ በጁን 19 ቀን 2015 ነው። ከ25,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ተካፍለው በ2016 ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞችን አስገቡ። የስም አጻጻፉ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ስለሚለያይ በአንድ ፊደል አደራደር ብቻ መፈለግ አይበቃም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚከፈልባቸውን የዘር ሐረግ ዳታቤዞች ለአንባቢዎቻቸው በነፃ ያቀርባሉ።

አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ለዚሁ ታሪክ የተለየ ማእከል አላቸው። በኒው ዮርክ ሃርለም የሚገኘው የሾምበርግ ማእከል በጣም የታወቀው ነው። የሂዩስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ነፃ የወጡ ሰዎች ባቆረቆሩት ሰፈር፣ በቀድሞው የግሪጎሪ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ተመሳሳይ ማእከል አለው።

በአደባባይ

ከቤተ መጻሕፍት ውጭ በዓሉ በሰልፍ፣ በጸሎት፣ በሙዚቃና በምግብ ይከበራል። የተጠበሰ ሥጋ፣ ሐብሐብ፣ ቀይ ኬክና ቀይ ለስላሳ መጠጥ የተለመዱ ናቸው፤ ቀዩ ቀለም በብዙዎች ዘንድ የፈሰሰውን ደምና ጽናትን ያመለክታል። ሚልዋኪ ከ1971 ጀምሮ ትልቅ የጎዳና በዓል ታደርጋለች። ቤተ መጻሕፍትም በእንዲህ ያሉ በዓላት ላይ ድንኳን ተክለው ካርድ ይመዘግባሉ፣ መጽሐፍ ያድላሉ።

በዓሉ ወደ ፌዴራል ደረጃ እንዲደርስ ከታገሉት ዋናዋ በ1926 የተወለዱት የፎርት ወርዝ ነዋሪ መምህርት ኦፓል ሊ ናቸው። በ1939 ልክ በጁን 19 ቀን የነጮች ቡድን የቤተሰባቸውን ቤት አጠቃና አወደመ። በ2016፣ በ89 ዓመታቸው፣ ጉዳዩን ለማሳወቅ ወደ ዋሽንግተን የእግር ጉዞ ጀመሩ። የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን በ415 ለ14 ድምፅ ካሳለፈው በኋላ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጁን 17 ቀን 2021 ሲፈርሙ ኦፓል ሊ በሥፍራው ነበሩ።

ሕጉ አንድ ያልታሰበ ውጤትም አምጥቷል። ቀኑ ሕዝባዊ በዓል ስለሆነ በዋሽንግተን ዲሲና በኒው ዮርክ ያሉትን ጨምሮ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጁን 19 ዝግ ይሆናሉ፤ በመሆኑም መርሐ ግብሮቻቸው የሚካሄዱት በዋዜማው ባሉት ቀናት ነው። ለመካፈል የሚፈልግ ሰው የቅርንጫፉን የጁን ወር መርሐ ግብር ከወሩ መጀመሪያ ቢመለከት ይሻላል።