ስሙ የተሸፈነ ሸክላ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ስለተነሣ አንድ የሙዚቃ ፍቅር ይናገራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2020 እንግሊዝ አገር ውስጥ አንዲት ትንሽ ሸክላ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠች። ፊትና ጀርባዋ አንዳንድ ዘፈን ብቻ ነው የያዘው። ዘፋኙ ፍራንክ ዊልሰን ይባላል፤ ዘፈኑን የተጫወተው በ1965 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን አንድም ሰው ሱቅ ገብቶ አልገዛውም፤ ለገበያ አልቀረበማ። ዊልሰን ራሱ በ2012 አርፏል። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለቤተሰቡ የሚደርስ ነገር የለም፤ አሮጌ ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ለዘፋኙ የሚከፈል ድርሻ የለምና። ሸክላዋ እዚህ ዋጋ ላይ እንዴት ደረሰች? ዘፋኙስ ለምን ተረሳ? ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። በ1960ዎቹ፣ በመኪና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ዲትሮይት፣ ቤሪ ጎርዲ ያቋቋመው ሞታውን የተባለ አሳታሚ የጥቁር አሜሪካውያንን ዘፈን ለዓለም ይሸጥ ነበር። የእሱን ስኬት ያዩ ሰዎች በዚያው በዲትሮይት፣ በቺካጎ፣ በፊላደልፊያና በሎስ አንጀለስ ትንንሽ የሸክላ ማሳተሚያ ቤቶች ከፈቱ። አንዳንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ሸክላ አሳትሞ ይዘጋል። ጥቂት መቶ ቅጂ ይታተማል፤ ለየሬዲዮ ጣቢያው ናሙና ይላካል። ጣቢያው ካላጫወተው በቃ፣ ያ ዘፈን ሞተ ማለት ነው። ሸክላው መጋዘን ይገባል፤ ዘፋኙም ወደ ቀን ሥራው ይመለሳል።

ዘፈኖቹ ያልተሸጡት ግን መጥፎ ስለነበሩ አይደለም። የሞታውን ቋሚ ሙዚቀኞች፣ ከእነሱም መካከል ባስ ጊታሩን የሚጫወተው ጄምስ ጃመርሰን፣ ከአለቆቻቸው ተደብቀው በትንንሾቹ ስቱዲዮዎች ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ማንም ባልሰማው ሸክላ ላይ ዓለም የሚደንስበት ያው ባስ ጊታር፣ ያው ከበሮ አለ። የእነዚህ ሙዚቀኞች ስም ደግሞ ለዓመታት በሞታውን ሸክላዎች ላይ እንኳ አልተጻፈም። ሽፋን ላይ በወጉ ተዘርዝሮ የታየው በ1971፣ ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ነው።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። ማንቸስተር ውስጥ ትዊስትድ ዊል የሚባል ክለብ ነበር። በ1963 ተከፍቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዊትዎርዝ ጎዳና ተዛወረ። ቅዳሜ ማታ የገባ ወጣት እሑድ ማለዳ ይወጣል። አብዛኛው ታዳሚ ከፋብሪካ፣ ከማዕድን ጉድጓድ፣ ከመጋዘን የመጣ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በማሽን ጩኸት መካከል የሚውል ወጣት። የሚወደው ሙዚቃ ፈጣንና ምቱ የማይዛነፍ ሲሆን፣ ከላዩ ላይ የሚንሰፈሰፍ ድምፅ ይሰማበታል። ግጥሙ ስለ መለየት ያዝናል፤ እግር ግን አይቆምም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጥቁር ሙዚቃ ወደ ፈንክ አዘነበለ፤ ምቱ ከበደ፣ ረጋም አለ። የለንደን ወጣት አዲሱን ተከተለ። የሰሜኑ ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ድምፅ ንቅንቅ አልልም አለ። ዴቭ ጎዲን የተባለው ጋዜጠኛ ለንደን ውስጥ ሶል ሲቲ የሚባል የሸክላ ሱቅ ነበረው። ከሰሜን ለእግር ኳስ ጨዋታ የሚመጡ ደጋፊዎች ሱቁ እየገቡ አሮጌውን ብቻ ሲጠይቁ አስተዋለና፣ ሠራተኞቹ በቀላሉ እንዲለዩት «ኖርዘርን ሶል» አለው። በ1970 በመጽሔት ዓምዱ ሲጽፍበት ስሙ በዚያው ጸና።

እንግዲህ አስቡት። የሚወዱት ሙዚቃ መታተም ካቆመ አዲስ ዘፈን ከየት ይመጣል? ካለፈው ብቻ ነው፤ ያውም ያኔ ማንም ካልሰማው። ሸክላ አደን የተጀመረው ከዚህ ችግር ነው። ዲጄዎች አሜሪካ ድረስ እየበረሩ የየከተማውን መጋዘንና የአሮጌ ዕቃ መደብር አገላበጡ። አቧራ የጠገበ ካርቶን ሙሉ ሸክላ በሳንቲም ዋጋ ገዝተው ሲመለሱ፣ ከውስጡ አንዷ ብቻ የአዳራሹን ሰው ታሳብድ ይሆናል።

ከአዳራሾቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ዊጋን ካዚኖ ነው። ዊጋን በማንቸስተርና በሊቨርፑል መካከል ያለች፣ በድንጋይ ከሰልና በጥጥ ፋብሪካ የኖረች ከተማ ናት። ስሙ ካዚኖ ይባል እንጂ ቁማር ቤት አልነበረም፤ አሮጌ የዳንስ አዳራሽ ነው። በሴፕቴምበር 1973 የሌሊት ዳንሱ ሲጀመር በሩ የተከፈተው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የሚዘጋው ጠዋት ሁለት ሰዓት። አልኮል አይሸጥም። ወጣቱ ከስኮትላንድም ከደቡብም በአውቶቡስና በባቡር ይመጣል፤ በያዘው ቦርሳ ውስጥ ቅያሪ ልብስና ፎጣ አለ። የእንጨቱ ወለል ላይ ጫማው እንዲንሸራተት ታልከም ፓውደር ይነሰነሳል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ መደነስ የለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሽከረከራል፣ ወደ ኋላ ይወድቅና በእጁ ተመርኩዞ ይነሣል። አነቃቂ እንክብል የሚውጡ ብዙዎች ስለነበሩ ፖሊስ ከእነዚህ አዳራሾች ዓይኑን አልነቀለም፤ በእንክብሉም ጤናቸው የተጎዳ ወጣቶች ነበሩ።

ማለዳ ላይ አዳራሹ ከመዘጋቱ በፊት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ዘፈኖች ይጫወታሉ፤ የቶቢ ሌጀንድ፣ የጂሚ ራድክሊፍና የዲን ፓሪሽ። ከአሜሪካ ውጪ ይቅርና በገዛ አገራቸው እንኳ ያን ያህል ያልታወቁ ሰዎች ናቸው። በዊጋን ግን ስማቸውን የማያውቅ አልነበረም።

ሸክላዋን እስቲ ቀረብ ብለን እንያት። ስፋቷ 7 ኢንች ሲሆን በደቂቃ 45 ጊዜ ትሽከረከራለች። የአሜሪካዎቹ መካከላቸው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ስላላቸው በእንግሊዝ ማጫወቻ ላይ ለማስቀመጥ ቀዳዳውን የምትሞላ ትንሽ ፕላስቲክ ታስፈልጋለች። ለሬዲዮ የተላከች ናሙና ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ መካከሏ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነጭ ነው። ሰብሳቢ ግን ወረቀቱን አይቶ አይረካም፤ ሸክላዋን ወደ መብራት ዘንበል አድርጎ፣ መርፌው ዘፈኑን ጨርሶ የሚንሸራተትበትን ባዶ ቀለበት ይመለከታል። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር አለ። ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ የሚለየው ያ ቁጥር ነው። ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩም ብዙ ናቸው፤ እነዚህ በተጫወቱ ቁጥር ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ዲጄው ብርቅዬዋን ባጫወታት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየፈጃት ነው።

ብርቅዬ ሸክላ ያለው ዲጄ ደግሞ ተፎካካሪ አለበት። ተፎካካሪው የዘፋኙን ስም ካወቀ ሄዶ ይፈልጋል፤ ካገኘ የብቸኝነቱ ክብር አበቃ። ስለዚህ ዲጄው የሸክላዋን ወረቀት በሌላ ወረቀት ይሸፍንና ለዘፋኙም ለዘፈኑም የፈጠራ ስም ያወጣል። ይህ ዘዴ በእንግሊዝ የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ውስጥ፣ በጎዳና ዳንስ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውተው ኮክሶን ዶድ የአሜሪካዊውን የዊሊስ ጃክሰንን ሸክላ ወረቀት ፍቆ «ኮክሶን ሆፕ» እያለ በራሱ ስም ያጫውተው ነበር። ዱክ ሪድ የተባለው ተቀናቃኙ የዘፈኑን ትክክለኛ ስም አግኝቶ ራሱ እስኪያጫውተው ድረስ የጎዳናው ንጉሥ ኮክሶን ነበር።

ፍራንክ ዊልሰንም የደረሰበት ይኸው ነው። «ዱ አይ ላቭ ዩ» የተሰኘው ዘፈኑ ለናሙና 250 ያህል ቅጂ ታትሞ አብዛኛው እንደተወገደ ይነገራል። ዊልሰን ከዘፋኝነት ይልቅ ፕሮዲዩሰርነቱን መርጦ ለሞታውን ዘፋኞች ለሱፕሪምስ፣ ለፎር ቶፕስና ለኤዲ ኬንድሪክስ ትልልቅ ሥራዎችን ሠራ፤ በኋላም ሞታውንን ትቶ ወንጌል ሰባኪ ሆነ። በ1970ዎቹ መገባደጃ ከቀሩት ቅጂዎች አንዱ ብቅ ሲል፣ ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ የተሰማው ኤዲ ፎስተር በሚባል ስም ነው። ፎርጅዱም የተሸጠው በዚሁ ስም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በድምፁ ሲጨፍር፣ የሚያመሰግነው ሌላ ሰው ነበር። ሞታውን ራሱ በ1979 እንግሊዝ ውስጥ በትክክለኛ ስሙ አሳተመው። ከዚያ ወዲያ የኦሪጅናሉ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ በ2009 ከ25,000 ፓውንድ በላይ፣ ከዚያም መግቢያዬ ላይ ወደጠቀስኩት ደረሰ።

የግሎሪያ ጆንስም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ቴይንትድ ላቭ» በ1965 የሸክላዋ ጀርባ ላይ ታትሞ አልተሸጠም። ሪቻርድ ሰርሊንግ የተባለ ዲጄ በ1973 አሜሪካ ሄዶ አንድ ቅጂ ገዛና በሰሜኑ አዳራሾች አስለመደው። በ1981 ሶፍት ሴል የተባሉት ሁለት እንግሊዛውያን ደግመው ተጫውተውት በአገራቸው አንደኛ ወጣ። በሕጉ መሠረት ዘፈኑ በሌላ ሰው ሲዘፈን ድርሻ የሚያገኘው ደራሲው ነው፤ የዚህ ደራሲ ኤድ ኮብ ይባላል። ቀድማ ለዘፈነችው ግሎሪያ ከዚያ ሽያጭ የሚደርሳት የለም።

አዳኞቹን መውቀስ አልፈልግም። እነሱ ባይኖሩ እነዚህ ድምፆች ከነመጋዘናቸው ጠፍተው ይቀሩ ነበር፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ስም መሸፈኑን ግን ልክ ነው ማለት አልችልም። ዘፈን አድኖ ዘፋኙን መደበቅ ግማሽ ማዳን ነው። ይህ የገባቸው ከመካከላቸው ተነሥተዋል። ዊጋን ካዚኖ በዲሴምበር 1981 ሲዘጋ፣ ለንደን ውስጥ አዲ ክሮዝዴል የሚመራው የሌሊት ዳንስ ሀንድረድ ክለብ በተባለው ቤት ተጀምሮ ነበር። እሱ የሠራበት ኬንት የተባለው አሳታሚ ከ1982 ጀምሮ የቆዩትን ዘፈኖች ከባለመብቶቹ እየተዋዋለ፣ ዘፋኞቹ እነማን እንደነበሩ ከሸክላው ጋር እያሳተመ አወጣ። ከተረሱት ዘፋኞችም እንግሊዝ ተጠርተው መድረክ ላይ የወጡ አሉ።

የእኛም ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ሰብሳቢዎች ይታደናሉ። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ዲስክ ያንን ዘመን ለዓለም ሲያሰማ፣ የኦሪጅናሎቹም ተፈላጊነት ጨመረ። በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም አለ፤ የባንዱም ስም ብዙ ጊዜ አለ። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

አድማጮቻችን፣ ከወላጆቻችሁ የተረፈ ሸክላ ቤታችሁ ካለ፣ ለገዢ ከመስጠታችሁ በፊት በዚያ ዘመን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ወይም በሆቴል ባንዶች የተጫወቱ አባቶችን አስደምጧቸው። ማን ምን እንደተጫወተ ሲነግሯችሁ በወረቀት ጻፉና ከሸክላው ልባስ ውስጥ ክተቱት። የጻፋችሁትን ቅጂ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን፣ ሸክላውን ስናጫውት የሙዚቀኞቹን ስም አብረን እናነባለን።